አባቴን ከአዳራሽ ያስወጣሁ ቀን

አባቴ ለቅሶ መድረስ አይችልም ነበር። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ በሬዲዮ የሚያስቅ ሰው ስለነበረ ነው። ድንኳን ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ሐዘንተኞቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። እሱ ደግሞ ከልቡ ነው የሚያዝነው። በመጨረሻ ለቅሶውን እናቴ ብቻዋን ትደርስ ጀመር፤ እሱ እድሩ እንዳይቀጣው ድንኳን ተከላ ላይ ብቻ ይገኝና አፉን ዘግቶ ካስማ ሲመታ ይውላል።

የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ ነው እንግዲህ እኔም ማሳቅ ያማረኝ።

ሰፈራችን ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ እኔም ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ እዚያ ገባሁ። ገባሁ ማለትም ይከብዳል፤ አስገቡኝ። ሌሎቹ ሲፈተኑ ኃላፊያችን እኔን «አንቺን ምን ብለን እንፈትንሻለን? ደም ነው» አለኝ። ሁሉም ሲለማመድ እኔን ሻይ አፍይ ይሉኛል፤ ደሙ የሚለማመድልኝ ይመስል። መድረክ ላይ ስወጣም አስተዋዋቂው ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «የእከሌ ልጅ» ይላል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ዓመት ታዲያ ከቀበሌያችን አንድ ጭውውት ተመርጦ ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ይወዳደራል ተባለ። የራሴን ጻፍኩ። የቀበሌ ሱቅ ሻጭ ነኝ፤ ሰው የራሽን ካርዱን ይዞ፣ ተሰልፎ ይጠይቀኛል፤ ስኳር አልቋል፣ ሳሙና አልቋል እላለሁ። «ምን አለ ታዲያ?» ሲሉኝ «ሰልፍ አለ።» ኃላፊያችን አንብቦ ግራ ቀኙን አየና «መጨረሻ ላይ ሻጯ አሻጥረኛ ተብላ ትያዝ» ብሎ ፈቀደልኝ። ልያዝ። ብቻ አንድ ቀን በገዛ ቀልዴ ይሳቅልኝ።

ምርጫው እሁድ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ሰፈርተኛው ፊት እንዲሆን ተወሰነ። አባቴን ለመንኩት። «አባዬ፣ እሁድ እንዳትመጣ።»

«ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

መጣ። ያሰበውስ በሩ ጥግ ቆሞ አይቶ ሊመለስ ነበር። ግን የኛ ሰፈር ሰው ትልቅ ሰው ቆሞ ማየት አይችልም። የኋለኞቹ «ኖር» ብለው ተነሡለት፤ «በእግዜር» አለ። ከፊታቸው ያሉት ደግሞ እንዴት ከኛ ኋላ ይቀመጣል ብለው ተነሡ። እንዲህ በ«ኖር» እና በ«በእግዜር» ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ መድረክ ላይ ስወጣ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እንዳይታወቅ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል።

«ሰልፍ አለ» አልኩ።

አዳራሹ ዝም። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ የአባቴን ፊት ያያል፤ እሱ ሲስቅ ሊስቅ። እሱ ደግሞ «እኔ ከሳቅኩ ለኔ ብለው ይስቃሉ» ብሎ፣ ለኔው አስቦ፣ ፊቱን ቆልፎታል። አንዲት ጎረቤታችን ያንሾካሾከች መስሏት «እሱ ሳይስቅ እኛ በምን ዕውቀታችን እንስቃለን?» ስትል እኔ ድረስ ተሰማ።

ቀጣዩን ቀልድ ወረወርኩ፤ ሞተ። ሰልፈኞቼ ላብ በላብ ሆኑ። ውድድሩ እንደቀረብኝ ታወቀኝ። ያኔ ሚዛኔን አንጠልጥዬ፣ ምን እንደምል እንኳ ሳላውቅ፣ ከመድረኩ ወረድኩ።

«እርስዎ፣ ባለ ባርኔጣው። ካርድዎን ያሳዩ።»

በሕይወቴ አባቴን «እርስዎ» ብዬው አላውቅም። ቀና አለ።

«የዚህ ቀበሌ ሰው ነዎት?»

የግራ ቅንድቡ ተነሣ። ያ ቅንድብ ከተነሣ መልስ እየመጣ ነው። አዳራሹም ያውቀዋል፤ ሁሉም ወደፊት አዘነበለ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ጨዋታው የሱ ይሆናል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ሻይ ሳፈላ እኖራለሁ። በሆዴ «አባዬ፣ በናትህ ዋጣት» አልኩ።

አፉን ከፈተ። ከዚያ ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ አለ። ዋጣት።

«ካርድ ከሌለዎት ውጪ ይሰለፉ። እዚያም ሰልፍ አለ።»

ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። አንድ እግሩን ቢጎትት፣ አንዴ ዞር ብሎ ቢያይ ሳቁን ይወስደው ነበር። ግን ቢሮ ሄዶ «ነገ ተመለስ» እንደተባለ ሰው ቀጥ ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ያቺ ጎረቤታችን «ወይ ጉድ፣ አባቷን አባረረችው» ብላ ፈነዳች፤ አዳራሹም ተከተላት። ከዚያ ወዲያ ሳሙና አልቋል ስል ይስቃሉ፣ ዝም ስል ይስቃሉ። አሻጥረኛዋን ሊይዝ የመጣው ዘብ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ኃላፊያችን ከመጋረጃ ጀርባ «ያዛት እንጂ» እያለ ቀረ።

አለፍኩ። ውጤቱ ሲነገርም «የእከሌ ልጅ» ነው ያሉት። ይበሉ።

አባቴ እስከ መጨረሻው ውጪ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጭቃ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አብረን ወደ ቤት ሄድን። ጥቂት እንደተራመድን «ምን ልልሽ እንደነበር ልንገርሽ?» አለ።

«አትንገረኝ።»

«እሺ።» ትንሽ ሄድን። «አጭር ናት።»

«አባዬ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

በራችን ላይ ስንደርስ አልቻለም። «የዚህ ቀበሌ ሰው ነዎት ስትዪኝ» አለ፣ «‹ወረፋ ስይዝማ ነበርኩ› ልልሽ ነበር።»

አጥሩን ይዤ ሳቅኩ፤ እናቴ ምን ሆነች ብላ እስክትወጣ። ያቺ መልሱ ከኔ ቀልዶች ሁሉ ትበልጣለች።

«ለውድድሩ ልውሰዳት?» አልኩት።

«አይሆንም» አለ፣ በሩን እየገፋ። «እሷ የኔ ናት። አንቺ የራስሽ አለሽ።»