የአሞራው አንድ ሙዝ

በየጠዋቱ፣ ጣሪያው ላይ፣ አሞራው የደህንነት ቀበቶውን ከመቆለፉ በፊት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ሆዱ ይገባል፣ ብረቱ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ትንፋሹን ይለቃል። ይህን ሲያደርግ ባልደረባው እንዳያየው ፊቱን ወደ ውሃ ጋኑ ያዞራል። ባልደረባው ሁልጊዜ ያየዋል።

ሥራው የፎቅ መስታወት ማጠብ ነው። ከጣሪያ በብረት ገመድ በሚንጠለጠል፣ ሠራተኞቹ ቅርጫት በሚሉት ረጅም መቆሚያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት ባልዲ ውሃ ይዘው ይገቡና ከላይ ወደ ታች እያጠቡ ይወርዳሉ። አሞራው የሚለው ስም የወጣለት አጥንቱ የሚቆጠር ቀጭን ሳለ፣ ገመድ ላይ እንደ ልቡ በሚንሳፈፍበት ዘመን ነው። ስሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ ሞተር ጋር ነው። አሮጌው የጫኑበትን ሁሉ እያቃሰተ ይሸከም ነበር። አዲሱ ግን ደወል አለው። ክብደቱ ከተፈቀደው ካለፈ ይጮኻል፤ እስኪቀነስለት ድረስም ንቅንቅ አይልም። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ሰዎች ገብተው ቁልፉን ሲጫኑ ጮኸ። አንዱን ባልዲ አወጡለት፤ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ባልዲ ይሠራሉ፤ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ቅርጫቱ ሌላ ውሃ ለመቅዳት ወደ ጣሪያ ይመለሳል። ባልደረባው ቀኑን ሙሉ ስለሚያፏጭ ፉጨት ይባላል። ቅርጫቱ ወደ ላይ በተመለሰ ቁጥር ማፏጨቱን ያቆማል። አሞራው ቢሰድበው ይመርጥ ነበር።

አለቃቸው ነገሩን ለአሞራው በአጭሩ አስቀመጠለት።

«የሞተሩ የዓመት ምርመራ ሲመጣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሙሉ ባልዲ፣ ደወል የለም። ከጮኸ አንተ ወደ ታች ትወርዳለህ። መግቢያውን ታጥባለህ።»

መግቢያ ማጠብ ነውር አይደለም። አሞራው አንድ ሰሞን እጁን ታሞ ሞክሮታል። ታች፣ ያጠብከው ላይ ሰው ይሄድበታል። ወለሉን ወልውለህ ወገብህን ሳታቀና ጭቃ ያለው ጫማ ያልፋል፤ ባለጫማው ደግሞ «ይቅርታ» ይልሃል፤ ተመልሶም ሲያልፍ ይደግመዋል። ላይ ግን የጠረግኸው መስታወት የጠረግኸው ነው። ደመና ያልፍበታል እንጂ ማንም አይረግጠውም። አሞራው ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለሚስቱ እንኳ ያላት «ታች አልወድም» ብቻ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ወጣት ናት፤ መዘነችውና ረፋድ ላይ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው።

«ብስኩት፣ ሲስተር። ላይ ሆነን ይርበናል፣ ለመውረድ ደግሞ አይመችም።»

«ምን ያህል ብስኩት?»

«ያው እሽጉን ነዋ። ከተከፈተ ይለሰልሳል።»

«በእሱ ፈንታ አንድ ሙዝ ይብሉ።»

«ሙዝ ያወፍራል ይባል የለም እንዴ?»

«አንድ ሙዝ ማንንም አላወፈረም። ሆድ ይይዛል፣ ከብስኩቱም ያነሰ ነው። ግን አንድ። መካከለኛ። በብስኩቱ ፈንታ እንጂ ከብስኩቱ ጋር አይደለም።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። አሞራው ከጤና ጣቢያው ሲወጣ በልቡ ይዞት የወጣው ያንኑ ነው፦ አንድ፣ መካከለኛ፣ በፈንታው። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ይህ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ቆየ።

ሚስቱ ስልኳን አነሳች።

«ይኸው። ሙዝ ማለት ስኳር ነው ይላል ሰውዬው።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ነጭ ጋውን የለበሰው።»

«ነርሷም ነጭ ጋውን ለብሳለች።»

«የእሱ ግን ተተኩሷል።»

በማግስቱ ስልኩ ላይ ሌላ ሰውዬ ጥሬ ሙዝ ደህና ነው አለ፤ ሚስቱ አረንጓዴ ሙዝ ገዝታ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተችለት። አሞራው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ነከሰው፤ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀና እስከ ምሳ ሰዓት በወጉ መናገር አቃተው። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ልጣጩ ላይ ነጠብጣብ ያወጣው ነው ጥሩው አለች። ነጠብጣብ ያለው መጣ፤ ቦርሳው ውስጥ ፈርጦ ጓንቱን አበላሸው።

«ቆይ፣ ዝም ብለሽ ሙዝ ብትገዢ ምን ይልሻል?» አላት።

«ዝም ተብሎ የሚገዛ ነገር ድሮ ቀረ።»

ሥራ ቦታም አልተሻለም። ፉጨት ሙዙን ሲያይ ፉጨቱን አቋርጦ፣

«ጋሼ፣ ዝንጀሮ ሙዝ ሲበላ ነው የሚውለው። ወፍራም ዝንጀሮ አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለና ፉጨቱን ቀጠለ።

ከሁሉ የባሰችው ግን የስድስተኛ ፎቋ ሴትዮ ነች። መስኮቱ የማይከፈት ነው፤ ጠረጴዛዋ ከመስታወቱ ጋር የተጠጋ ነው፤ ቅርጫቱ እሷ ፊት የሚደርሰው ደግሞ ልክ አሞራው ሙዙን በሚልጥበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጣቷን ግራና ቀኝ አወዛወዘችበት። በሁለተኛው ጉንጯን በአየር ነፋችና በእጇ ትልቅ ሆድ አሳየችው። በሦስተኛው ወረቀት ላይ በትልቁ «ያወፍራል» ብላ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። አሞራው በአፉ «ነርስ ናት የፈቀደችልኝ» አላት፤ አልሰማችም። በእጁ መርፌ መውጋት አሳያት። ሴትዮዋ ደንግጣ አዘነችለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየችው ቁጥር እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። አሞራው ይበግናል። የእሷን መስታወት ግን እንደ ማንም መስታወት ንጹሕ አድርጎ ጠርጎ ይሄዳል፤ ሥራ ነዋ።

ብስኩቱን ትቷል። ረፋድ ላይ አንድ ሙዝ ብቻ ይበላል። በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል ይህን አጥብቆ ያዘ። ተመልሶ ሲመዘን ግን ነርሷ ሚዛኑን አየችና እንደገና እንዲወጣ ጠየቀችው።

«ጨምረዋል» አለችው።

አሞራው ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ቀረ። ምርመራው ደርሷል።

«ሲስተር፣ ሙዙ ጉድ ሠራኝ። ዓለም ሁሉ ነግሮኝ ነበር። አንቺን ብዬ ነው የበላሁት።»

«አንድ?»

«አንድ።»

«ብስኩትስ?»

«ብስኩት በዓይኔም አላየሁ።»

«ማታስ?»

«ማታ እራት ነው። ሌላ ምንም። ከዚያ አማቴ የሚሰጡኝን እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ።»

«ምን ይሰጡዎታል?»

«ያው ሙዝ ነው።»

ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች። «ያው ሙዝ ማለት?»

ያው ሙዝ ማለት ይህ ነበር። አማቱ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ልጃቸው ቢላውን ነጠቀቻቸው፤ ቀጥላ ምድጃውን፤ ቀጥላ ማንኛውንም የሚፈላ ነገር። የቀረላቸው ሹካ ብቻ ነው። ለአማቹ ሙዝ ታዘዘ ሲባል ሲሰሙ በዚያ ቤት ለእሳቸው የሚሆን ሥራ ተገኘ። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሲበዛ ነው የሚያድነው ብለው አሰቡ። ማታ ማታ ሦስት ሙዝ በሹካ ያደቅቃሉ፣ ወተት ያፈሱበታል፣ ማር ይጨምሩበታል፣ ማሩን እንዳይበርደው ይመስል ላዩ ላይ ቅቤ ጣል ያደርጉበታል። አሞራው ይህን እንደ ምግብ ቆጥሮት አያውቅም። በኩባያ የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ይጠጣዋል እንጂ አይበላውም፤ ሙዝ ደግሞ ተፈቅዷል።

ነርሷ ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ሙዝ አይደለም፤ ኬክ ነው። ያልተጋገረ ኬክ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እኔ የተማርኩት ስለ ክብደት ነው። ስለ አማት አላስተማሩንም።»

በዚያ ማታ አሞራው ገበታው ጋ ተቀምጦ ኩባያው እስኪመጣ ጠበቀ። አማቱ በሁለት እጃቸው ይዘውት መጡ፤ እየተንቀጠቀጠ ጠርዙ ላይ ፈስሷል። ፊቱ አስቀምጠው እንደ ልማዳቸው እስኪጠጣው ቆመው ተመለከቱት።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ።»

«አልጣፈጠም?»

«ጣፍጧል። ችግሩም እሱ ነው።»

አማቱ ፊታቸውን ጣሉ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን በዓይኗ ገላመጠችው። «ተው፣ ተው» የሚል መልእክት ያለው አስተያየት ነበር። አሞራው ግን ሰሞኑን የሰማው ምክር ሁሉ አፉ ድረስ ሞልቶት ስለነበር አልተወም።

«ሙዝ ብላ ይሉኛል፤ ሙዝ አትብላ ይሉኛል። ጥሬውን፣ የበሰለውን፣ የበሰበሰውን በላሁ። መስታወት አጥር ሆኖ እንኳ ከመመከር አልዳንኩም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሙዙ ነው። እኔ የምፈልገው ላይ መቅረት ነው። ታች ካወረዱኝ፣ እማማ፣ ያጸዳሁትን ሲረግጡት ቆሜ ማየቴ ነው። ቀኑን ሙሉ። ይቅርታ እያሉኝ።»

ሚስቱ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። ይህን ከባሏ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

አማቱ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትናገርም? እኔ ጉልበት ይሆንሃል ብዬ ማታ ማታ ክንዴ እስኪወልቅ አደቃለሁ። አንተ ደግሞ የተሰጠህን ሁሉ ዝም ብለህ ትግታለህ። አፍ የለህም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«አሁንስ አልከፋኝም መሰለህ?» ኩባያውን ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት። «እንኪ፣ ያንቺ ስልክ ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው። ጠጪው።»

ሚስቱ ጠጣችው።

አሞራው ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ነበር። አላበቃም። አማቱ ሹካውን ትተው ሥልጣኑን ያዙ። ሙዙ በሙሉ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገባ፤ በሩም ተቆለፈ። በየማለዳው አንዱን ከዘለላው ገንጥለው፣ መጠኑን በዓይናቸው ለክተው ይሰጡታል፤ ትልቅ ከመሰላቸው ይመልሱትና ሌላ ያመጣሉ። እሱ ደጃፉ ላይ ጫማውን አጥልቆ ይጠብቃል፤ አውቶቡሱ ያልፈዋል። እራት ላይ ሁለተኛ ዳቦ ሲያነሳ «አስቀምጣት» ይሉታል፤ ቀና ብለው ሳያዩት። ሻይ ሲቀዳ ስኳሩ ከገበታው ላይ ጠፍቶ ያገኘዋል። አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት ሲወጣ አፉን እንዲከፍት ጠየቁት።

«እማማ፣ ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።»

«እሱን ነው የምናሳንሰው።»

አሞራው እንደዚያ ሰሞን ተማርሮ አያውቅም። ከምክሩ ሁሉ የሚብሰው ጥበቃ ነው። ጣሪያ ላይ ለፉጨት ሲያማርር፣ ፉጨት ሰማና «እኔ እንደዚህ የሚጠብቀኝ አማት ቢኖረኝ ሦስት ጥርሴን አላጣም ነበር» ብሎ ወደ ማፏጨቱ ተመለሰ።

የምርመራው ጠዋት አለቃው ከሞተሩ ባለሙያ ጋር ጣሪያው ላይ ወጣ። ፉጨት ሁለቱን ባልዲ አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልቶ ቅርጫቱ ውስጥ አኖራቸው። አሞራው ቀበቶውን አስሮ ገባ። ፉጨት ተከትሎት ሊገባ ሲል አለቃው «ቆይ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ልየው» ብሎ ቀደመውና ገባ። ባለሙያው ቁልፉን ተጫነ።

ደወሉ ጮኸ።

አለቃው ወደ አሞራው ዞረ። አሞራው ባልዲዎቹን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ከዚያ እግሩን አየ። የሚሰማው ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«አለቃ» አለ ፉጨት ከውጭ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ «ሁለት ሰው የተባለው እኛን ነው። እርስዎ እስቲ ይውረዱ።»

ባለሙያው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አለቃው ቀስ ብሎ፣ አንድ እጁን ሱሪው ቀበቶ ላይ አድርጎ ከቅርጫቱ ወረደ። ፉጨት ገባ። ባለሙያው እንደገና ተጫነ።

ሞተሩ አጉረመረመ። ቅርጫቱ ከጣሪያው ጠርዝ ብድግ አለ። ደወሉ ዝም ብሏል። አሞራው እስኪጮኽ አንድ ጊዜ ጠበቀው፤ ሌላም ጊዜ ጠበቀው። አልጮኸም።

«አለፈ» አለ ባለሙያው።

«ላይ ይቆይ» አለ አለቃው፣ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ። «ግን ከእንግዲህ በየወሩ ነው የምንመዝነው።»

«ማንን?» አለ ፉጨት።

አለቃው ደረጃውን መውረድ ጀመረ። በየወሩ ማለት ደግሞ አማቱ የሙዙን ቁልፍ አይለቁም ማለት እንደሆነ አሞራው ወዲያው ገባው፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቅርጫቱ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች መጥረጊያቸውን ይዘው በሁለት ሙሉ ባልዲ ውሃ ወደ ታች እያጠቡ መውረድ ይጀምራሉ፤ ዛሬ የምሥራቁን ገጽ ጨርሰው ሰኞ ወደ ሰሜኑ ይዞራሉ።