የሌላ ሸክላ ጭረት

በደርግ ጊዜ ሞጣ ላይ ኦርጅናል የዘፈን ሸክላ ተመሳስሎ ከተሠራው የሚለየው በሽፋኑ ይመስለን ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ወይዘሮ ዑሙሰልማ ግን ሽፋኑን ዞር ብለውም አያዩትም። «ሥዕልማ ማንም ያትማል» ይላሉ። እንደሳቸው ጆሮ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አንድ ቀን ኃይለ ሚካኤል የሚባል የቢቸና ሹፌር ከአዲስ አበባ የገዛውን ሸክላ ይዞ ሻይ ቤቱ መጣ። «ኦርጅናል ነው» አለ። ወይዘሮ ዑሙሰልማ በማጫወቻቸው አጫወቱለት። ዘፋኙ «ቆይ» ሲል ሸክላው ቋ፣ ቋ አለ። እሳቸው መርፌውን አነሱ።

«እስቲ ጭረቱን አሳየኝ።»

ኃይለ ሚካኤል ሸክላውን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ ፈለገ። አንድም ጭረት የለበትም።

«ከተጫረ ሸክላ ላይ ቀድተውት ነው» አሉት።

«ከማን ሸክላ ይሆን፣ እትዬ?» ብሎ ቀለደ።

እሳቸው አልሳቁም። «ከእኔ። ያዋስሁት ሰው ይዞት ቀረ። ባለቤቴ ሳሊህ መርፌውን ጥሎ የጫረው እዚሁ ‹ቆይ› የሚለው ላይ ነው። እስኪሞት ድረስ ጨቅጭቄዋለሁ።»

ሹፌሩ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ ሊመልስ ሲል ከእጁ ተቀበሉትና ማጫወቻው ላይ አኖሩት። መርፌውን «ቆይ» ወደሚለው መለሱት።