የእህቴ ጉድፍ

እህቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ጠዋት ፊቷና ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። እናታችን ፈንጣጣ መስሏት አዝላት ወሎ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት።

ጤና ረዳቱ ገላዋን ገልጦ አየ። «ፈንጣጣ አይደለም፣ ጉድፍ ነው» አላት እናቴን። «አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይወጣል፤ አይደንግጡ። እንዳታከው ጥፍሯን ይቁረጡላት፣ ለብ ባለ ውሃ ያጥቧት። ሁሉም ቅርፊት እስኪይዝ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቧ አይድረስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእሷ ሆነ። አብረን የምንተኛበትን አልጋ ትታ ከእናቴ ጎን ተኛች። አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራው አባታችን ብርቱካን ሲያመጣ ለእሷ ተላጠ፤ ልጣጩን የምጥለው እኔ ነበርኩ። የቀበሌ ስኳር ሰልፍም የእኔ ሆነ። ይባስ ብሎ፣ እንዳይዘኝ ተብሎ ጎረቤት ቤት እንዳድር ተደረገ። ጎረቤታችን የሰባት ወር ልጅ ነበራት።

በአራተኛው ቀን እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሾልኬ ገባሁ።

«ውጪ፣ ይይዝሻል» አለችኝ እህቴ።

«እንዲይዘኝ ነው የመጣሁት» አልኳትና ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብቼ ጉንጬን ከጉንጯ አጣበቅሁ።

እሷ ዳነች፤ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የጎረቤታችንን ልጅ ማዘል ግን ለምጄ ስለነበር በየቀኑ እሄድ ነበር። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አተኮሰኝ፤ በማግስቱ ሽፍታው ወጣ። እናቴ ከጎኗ አስተኛችኝ፣ ብርቱካንም መጣልኝ። አፌ ውስጥ ግን ቆስሎ ስለነበር አቃጠለኝ፤ አልበላሁትም።

እኔ ሳገግም ሕፃኑን ያዘው። ጎረቤታችን መጥታ በሩ ላይ ቆማ እናቴን «ምን ልቀባው?» ስትል ሰማኋት። ስትሄድ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት።

«አንድ አልጋ ስትተኙ ቀድሞም ይዞሽ ይሆናል» አለችኝ። ቀጥላም «ግን ምን ጎድሎሽ ነው?» አለች።

ሕፃኑ ሳምንት ሙሉ ሲያለቅስ ከርሞ ዳነ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ እነሱ ቤት ወሰደችኝና የሠራሁትን ራሴ ተናገርኩ። ጎረቤታችን አልተቆጣችኝም፤ ሻይ ሰጠችኝ። ሕፃኑን ግን እስከ ፋሲካ አላሳዘለችኝም። እህቴ ነበረች የምታዝለው፤ ግቢው ውስጥ ስታንሸራሽረው በመስኮት አያት ነበር።