የጋሽ እንዳሻው ወረፋ

ጋሽ እንዳሻው እዚህ ጀርመን አገር የሪደርቫልድ ሰፈር ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ለሰው ወረፋ መያዝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ወደሚታደስበት ቢሮ ከሁሉ ቀድመው ይሄዱና አግዳሚው ላይ ለአንዱ ባርኔጣቸውን፣ ለሌላው ጋዜጣ፣ ለእኔ ለሙሉ ደግሞ የግራ ጓንታቸውን ያኖሩልናል። አገር ቤት ቧንቧ ላይ በድንጋይ ወረፋ እንደሚያዘው ማለት ነው። ጀርመኖቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ለመዱት። የጓንቴን ተራ የሚነካ አልነበረም።

ከዚያ «ከእንግዲህ ቴርሚን በኢንተርኔት ብቻ» ተባለ፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። የጋሼም ፈቃድ ሊያልቅ ሲል እህታቸው እታገኝ ደሴ ላይ በጠና ታመሙ። ፈቃዱ ሳይታደስ ከሄዱ መመለስ የለም።

«ኧረ እንድረስላቸው!» አልንና፣ ስንት ዓመት የያዙልን ሁሉ፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንነግር በየቤታችን በስማቸው ቴርሚን ያዝንላቸው። አቤ ያዘ፤ ሰገን ያዘች፤ ኪሮስማ ለመጠባበቂያ ብሎ ጠዋትም ከሰዓትም ያዘ። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት ሲይዝ አየና «አጭበርባሪ ነው» ብሎ ሁሉንም ሰረዘ። ወይ ጉድ! ዓይን እንኳል ብለን አጠፋነው።

ወደ ቢሮው አብሬያቸው ሄድኩ። አዳራሹ ጭር ብሏል። ድሮ ከነባርኔጣቸው የምታውቃቸው የቢሮዋ ሠራተኛ ፍራው ቬበር መስኮቷ ጋ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«ሄር እንዳሻው! ምነው ጠፉ?»

«እህቴ ታማብኛለች። ፈቃዴን አድሺልኝ።»

«ቴርሚን የለዎትማ።»

«ሰው እኮ የለም!»

«እሱስ የለም» አለች፣ ከልቧ አዝና። «ይሄ ሰዓት የእርስዎ ነበር፤ ተሰርዟል። የተሰረዘ ሰዓት ደግሞ ለማንም አይከፈትም። ክፍት ያለው ገና መከር ላይ ነው።»

ንዴት አንገበገበኝ። የራሳቸው ሰዓት ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትሞርዳለች! ጋሼ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ አስቀመጡና «ጠብቂልኝ» ብለዋት ወጡ።

ትራም እየጠበቅን ደሴ ደወሉ።

«አይዞሽ እታገኝ፣ ወረፋ ይዣለሁ።»

«እኔም ይዣለሁ ወንድሜ። የኔው ግን ፈጠን ሳይል አይቀርም» አሉ፤ ደግሞ ሳቁ።

ቴርሚኑ መከር ላይ ደረሰ። ባርኔጣው እዚያው ነበር። ጋሼ ጥቁር ለብሰው ከጎኑ ተቀመጡ። ፍራው ቬበር ደስ ብሏት ጠራቻቸውና ኮምፒውተሩ የሚጠይቀውን አነበበችላቸው።

«ጉዳዩ አስቸኳይ ነው?»

«ነበር» አሉ ጋሼ።