ምጽዋ ላይ የወጣልኝ ዕጣ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ባሕረኛ ነበርኩ። ምጽዋ ላይ መርከባችን ስትመታ ከሞቱት አንዱ ጓደኛዬ በላቸው ነው። ሙሉ የምትባለው እህቱ እዚህ ውጭ አገር፣ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሷ ቤት እበላለሁ። እዚያ የሚሰበሰቡት ወንዶች ያንን ውጊያ ማንሳት አይሰለቻቸውም። ማዕበል ቢኖር ኖሮ እነዚያ የጠላት ትንንሽ ጀልባዎች አይደርሱብንም ነበር፤ አረሩ ክንድ ያህል ቢስት ባሕር ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጥይት ማከማቻው ላይ ባያርፍ ወደቡም አይያዝም ነበር ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። "ዕድል ነው" እላለሁ። እውነቴን ነው፣ የዚያን ቀን ሁሉም ነገር ዕድል ነበር። ዕድል ያልነበረው የእኔ መትረፍ ብቻ ነው።

ጠዋት ቁስለኛ ይዞ ከውጊያው ራቅ ወዳለ ሌላ መርከብ የሚሻገር አንድ ሰው ተፈለገ። እኔና በላቸው ዕጣ እንጣል ተባባልን። እኔ የክብሪት እንጨት፣ እሱ የሸሚዙን ቁልፍ ሰጠን። ዕጣውን የሚያወጣው ወጥ ቤቱ ፊቱን አዙሮ ስለቆመ የትኛው የማን እንደሆነ አላየም። ማየትም አላስፈለገውም። ያገሬ ልጅ ነው፤ ቀደም ብዬ በጆሮው "እንጨቱ የእኔ ነው" ብዬዋለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። በላቸው ሳቀና "ሂድ፣ አንተ ዕድለኛ!" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ተሻገርኩ። ከሰዓት በኋላ መርከባችን በላቸውንም ወጥ ቤቱንም ይዛ ሰመጠች።

"ጋሼ፣ እግዜር አንተን ያተረፈልን ወሬውን እንድትነግረን ነው" ትለኛለች ሙሉ፣ ሥጋውን ወደ እኔ እየገፋች። ባለፈው እዚህ የተወለደችው ልጇ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ኢንተርቪው አደረገችኝ።

"ሶ ኢት ዋዝ ጀስት ላክ?" አለችኝ፤ እንዲያው ዕድል ብቻ ነበር ወይ ማለቷ ነው።

"የስ" አልኳት። ስልኳን አጠፋች። እኔም መብላቴን ቀጠልኩ፤ ምንም አልተሰማኝም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ብነግራት ሐዘኗ ያገረሽባታል፣ ወንድሟን ሁለተኛ እቀብርባታለሁ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። የምፈራው በሯን እንዳትዘጋብኝ ነው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ያኔ ነፍሴን ለማዳን አታለልኩ ብል ምናልባት ትረዱኝ ይሆናል። ዛሬ ዝም የምለው ግን ለእሁድ ምሳ ነው።