መዝገቡ የተዘጋበት ሰዓት

ፍኖተ ሰላም፣ በመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ከእኔ በፊት ሰርቨሩን፣ የይዞታ መዝገቡ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሲጠብቁ የኖሩት ጋሽ አለምነው አንድ ፋይል ከፍተው አሳዩኝ። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈው የሰርቨሩ ፕሮግራም ሲነሣ የሚያነባቸው የትእዛዝ መስመሮች ናቸው፤ ፕሮፐርቲ እንላቸዋለን። አንዱ መስመር ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል።

«ጋሼ፣ ይህ ስህተት አይደለም?»

«የኛ ሰው ሁለት ሰዓት ብሎ ቢሮ ይገባል። ማሽኑ ስምንት ቢለው ማንን ይስማማዋል? ተይው፣ እንደኛ ይቁጠር» ብለው ሳቁ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያልተስተካከለ ነገር ዓይኑን ይወጋዋል። ቢሆንም እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ታገሥሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት መስመሩን አቀናሁት። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ሰዓቱ ከስልኬ ጋር ልክ ሆነ። ደስ ብሎኝ ማተሚያ ልጠግን ቡሬ ወረድሁ። ቀኑ የይዞታ ቅሬታ መቀበያው የመጨረሻ ቀን ነበር።

ከፋይሉ ግርጌ ጋሽ አለምነው የጻፉት ሌላ መስመር አለ፤ መዝገቡ በየቀኑ 11:30 ላይ ይዘጋል ይላል። ለኛ የሥራ መውጫችን ነው። ማሽኑ ግን ከዚያ ጧት ጀምሮ እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ፣ ገና በአምስት ሰዓት ተኩል ዘጋው።

በማግሥቱ ስመለስ ወይዘሮ የሽመቤት በር ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ባላቸው ማሳ በባላቸው ወንድም ስም ተመዝግቦባቸው፣ ቅሬታ ለማስገባት ከፈረስ ቤት በደምበጫ ዞረው በዋዜማው ስምንት ሰዓት ላይ ደርሰው ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛ «ኮምፒውተሩ ዘግቷል» ብሎ መለሳቸው።

ለኃላፊያችን ለአቶ ስማቸው ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርሁ።

«ሰዓት አስተካከልሽ እንጂ ምን አጠፋሽ? ደግሞስ ያለፈን ቀን በየትኛው መመሪያ ልክፈተው?»

በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ሰርቨሩ መዝገቡን የዘጋበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት አትሜ አያያዝሁ። አልተቀበሉኝም። ማሳው በወንድምየው ስም ጸደቀ።

ለወይዘሮ የሽመቤት የነገርኋቸው እኔው ነኝ።

«እማማ፣ እርስዎ አልዘገዩም። ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔማ ፀሐይዋን ዓይቼ ነው የገባሁ፣ ልጄ። ገና ነበረች።»

ከእኔ በኋላ በዚያ ወንበር ለምትቀመጡ፦ አንድ መስመር ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን እስከ ግርጌው አንብቡ። እኔ የነካሁትን መስመር ብቻ ነበር ያነበብሁት።