የዲጄ ጆሮ

ባለቤቴ ማርገዟን የነገረችኝ ሰርግ ባልነበረኝ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና ውስጥ በተከራየነው ቤት፣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነው። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ የስፒከር ገመድ እጠቀልል ነበር። ከልብሱ ላይ ቀና ሳትል ቀስ ብላ የሆነ ነገር አለችኝ። ጆሮዬ የገባው «እርጎ» የሚል ነው። ሰሞኑን ምግብ አልስማማት ብሎ ስለነበር እርጎ አምሯት ይሆናል ብዬ፣ «እሺ፣ ነገ ስመለስ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት።

እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ እንደያዘች ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ማጠፏን ቀጠለች። ያለችኝ «እርጉዝ ነኝ» ነበር።

በማግስቱ እውነትም ከገበያው አጠገብ ከምትሸጥ ሴት ሁለት ሊትር እርጎ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስሞልቼ ገባሁ። ባለቤቴ ጠርሙሱን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ቀን «ምሳ ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ቃል አልወጣትም። እኔም ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።

እሷ የዱራሜ ልጅ ናት፣ እዚህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው፣ እኔ ደግሞ በሀዲይኛ። ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነው። ለሁለታችንም ከትምህርት ቤት ያመጣነው ቋንቋ ስለሆነ፣ ሳንግባባ ስንቀር ጥፋቱን አማርኛችን ላይ እንጥልና እንስቅ ነበር። ያ ሳቅ ለእኔ ጥሩ መደበቂያ ሆኖልኝ ነበር። ጆሮዬ መድከሙን ካወቅሁ ቆይቼ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ሥራዬ ዲጄ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቀን ቀን ሰርግ እጫወታለሁ፤ ከሆሳዕና አልፎ ፎንቆ፣ ጊምቢቹ፣ ዱራሜ ድረስ ይጠሩኛል። ሐሙስና አርብ ማታ ከተማው ውስጥ አንድ ክለብ እሠራለሁ። የድምፅ ሥራ የለመድኩት በልጅነቴ፣ እናቴ በምትጸልይበት ቤተክርስቲያን ማይክ እየሞከርኩና ገመድ እየዘረጋሁ ነው። ወደ ዓለማዊ ዘፈን ስሄድ እናቴ ብዙ አዘነች። አንድ ቀን ሀቢቾ ባደግሁበት ቤት በር ላይ ቆማ፣ ይህ ሥራ በደህና እንደማይለቀኝ ነግራኝ ነበር። የተናገረችው በእርግማን አልነበረም፣ በፍርሃት ነው። ቢሆንም ቃሉ ከውስጤ አልወጣም።

ጆሮዬ የተጎዳው ሚያዝያ ውስጥ ጊምቢቹ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ድንኳኑ ጠባብ ስለነበረ አንዱን ትልቅ ስፒከር ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ አቆሙት። ቦታ ቀይሩልኝ ማለት ነበረብኝ። ሰው ከጨፈረ ምን ቸገረኝ ብዬ ከጠዋት እስከ ማምሻ እዚያው ቆምኩ። ሲያልቅ ጆሮዬ ውስጥ የቀጠነ ፉጨት ቀረ። ከዚያ በፊትም ከሥራ በኋላ ያፏጭ ነበር፣ ግን ተኝቼ ስነሳ ይለቀኝ ነበር። ያን ጊዜ በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም አለቀቀኝም። ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ አልሰማም። የሰፈር ልጆች ሲያወሩኝ ግማሹን ከአፋቸው ነበር የማነበው። ጆሮዬ ታመመ ብል እናቴም ሰፈሩም ቅጣት ነው ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። ለስላሳ ወረቀት በውሃ አርሼ ጆሮዬ ውስጥ እየጠቀጠቅሁ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እርጎውን ባመጣሁ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አልፈለግኸውም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ልጁን።»

አፏን እያየሁ ስለነበር ይህቺን በደንብ ሰማኋት። የምን ልጅ ብዬ ስጠይቃት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ግራ ገባት። እሁድ ምን እንዳለችኝና እኔ ምን እንደመለስኩላት ደገመችልኝ። ጠርሙሱን ለምን እንደገዛሁ ሲገባኝ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ከዚያ የጊምቢቹን ነገር፣ ፉጨቱን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። ተነስታ ከኋላዬ ሄደች። ቆይታ ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። ሦስት ጊዜ በስሜ ጠርታኝ ኖሯል።

«ከሚያዝያ ጀምሮ» አለችኝ፤ «ስድስት ወር ሙሉ ብቻዬን ሳወራ ነው የኖርኩት?»

ከዚህ በላይ አልከሰሰችኝም። ከአፍታ በኋላ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችውና፣ አሁንስ ሰምተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። ደስታዬ ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ።

ሆሳዕና ያየኝ ሐኪም ጆሮዬ ውስጥ ኩክም ቁስልም እንደሌለ አረጋግጦ ለመስማት ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልኝ። ባለቤቴ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ሄደች። ሄድፎን አድርገው ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳልጫን ተቀመጥኩ። በመስታወቱ በኩል ከምርመራ መሣሪያው አጠገብ የተቀመጠችው ባለቤቴ አንገቷን ስትደፋ ሳይ፣ ድምፅ እየመጣ ለእኔ እንዳልደረሰኝ ገባኝ።

የመረመሩኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ወንበራቸውን አስጠግተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ወረቀቱን አሳዩኝ። መስመሩ ደህና ይሄድና ወደ መጨረሻው ቁልቁል ይወርዳል፣ የቀኙ ይብሳል። ድምፅ ጆሮን ሲጎዳ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች እንደሆነ፣ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ዘ» የሚለዩትም በእነሱ እንደሆነ አስረዱን።

ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ከእርጉዝ ላይ ‹ዝ›ዋን ነው ያልሰማት?» አለች።

ታሪኩን ስንነግራቸው ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ እኛም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ከዚያ ሴትየዋ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። የሄደው እንደማይመለስ አልደበቁኝም። ሥራህን ተው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ግን እንዲህ አሉኝ፦

«ከዚህ ሥራ ትኖራለህ፣ ተው አልልህም። የቀረህ ጆሮ ብዙ ነው። ራቁቱን ይዘኸው አትግባ።»

የረጠበ ወረቀትም ሆነ ጥጥ የጆሮ መድፈኛ እንደማይሆን፣ ድምፁ አልፎት እንደሚገባ ነገሩኝ። ለጊዜው ሆሳዕናም የማይጠፋውን የስፖንጅ መድፈኛ እንድጀምር፣ ለሙዚቃ ግን ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራውን እንድፈልግ መከሩኝ። ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም።

ስፖንጁን የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ አገኘሁት፤ ብረት የሚቆርጡ ሠራተኞች የሚያደርጉት ቢጫው ነው። አደራረጉን ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት፣ አዲስ አበባ ሲያሳዩን በደንብ አይታ ነበር። በጣት እየጠቀለሉ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ አስገብቶ እስኪያብጥ በጣት መያዝ። ሳልይዘው ስለቀው ተንሸራቶ ይወጣ ስለነበር፣ ጣቷን እያስጠጋች አብራኝ ትይዝልኝ ነበር።

ጥር ላይ ፎንቆ አንድ ሰርግ ስፖንጁን አድርጌ ገባሁ። ሙዚቃው ከብርድ ልብስ ስር እንደሚወጣ ሆነብኝ፤ ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ ይሰማኛል፣ የዘፋኙ ቃል ግን የለም። ስፒከሩ ደክሞ ነው ብዬ ቀጭኑን ድምፅ፣ ትሬብሉን፣ ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ማይክ ይዤ ሙሽሮችን ስቀበል ደግሞ የገዛ ድምፄ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለጮኸብኝ ሹክ ማለት ጀመርኩ። የሙሽራዋ ቤተሰብ መግባቱን ማንም ሳይሰማ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ድምፁን እስከምቆጣጠርበት ሚክሰር ድረስ መጡ። ምን እንዳሉ ስላልሰማሁ አንዱን ስፖንጅ አወጣሁ።

«ልጄ፣ ጆሯችንን እየወጋኸው ነው» አሉኝ በትህትና።

ስፖንጁ ሲወጣ ለሰዎቹ ምን እንደምለቅባቸው እኔም ሰማሁት። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለዋል። ጆሮዬን አድናለሁ ብዬ የእነሱን ስወጋ ውያለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ድምፁን ቀነስኩ፣ የቀረውንም ሰዓት ከስፒከሩ ርቄ በመቆም ጨረስኩት። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት፣ ስፖንጁ ለብረት ቆራጭ እንጂ ለአንተ አልተሠራም አለችኝ። ብረት ቆራጩ መጋዙን ማጣጣም የለበትም፤ እኔ ግን መዝጋትም መስማትም አለብኝ።

አዲስ አበባ የሙዚቃ ዕቃ ለሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ደወልኩ። ከሳምንታት በኋላ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ትንሽ ካርቶን ደረሰችኝ። ውስጧ ለስላሳ የሲሊኮን መድፈኛ በሦስት መጠን፣ መሃላቸው ላይ የሚገቡ ሁለት ዓይነት ማጣሪያዎችም አሉ፤ አንዱ ድምፁን ጥቂት፣ ሌላው በርከት አድርጎ የሚቀንስ፤ የሚቀንሱት መጠን በላያቸው በቁጥር ተጽፏል። እኔ ወዲያው ትልቁን ቁጥር አነሳሁ። ባለቤቴ ግን ወደ መረመሩኝ ሴትዮ አስደወለችኝ። እሳቸውም ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ እንደማይበልጥ ነገሩኝ። ከሚገባው በላይ ከዘጋብኝ ሰው ለመስማት በየደቂቃው አወጣዋለሁ፤ ባወጣሁት ቁጥር ጆሮዬ ራቁቱን ነው።

ያን ከሰዓት ባለቤቴ ሆዷ ገፍቶ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ስንሞክር ዋልን። መድፈኛውን አስገብቼ እሷ በቀስታ ትስበዋለች፤ ሳይታገል ከወጣ አንሶኛል ማለት ነው፣ ካመመኝ ደግሞ ትልቅ ሆኖብኛል። በመጨረሻ የቀኝ ጆሮዬ ከግራው እንደሚጠብ ታወቀ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ይዤው ስዞር አላውቅም ነበር። ለግራው መካከለኛው፣ ለቀኙ ትንሹ ልክ ሆነ። ለድንኳን ሰርግ ቀለል ያለውን ማጣሪያ፣ ለክለቡ ከበድ ያለውን መረጥን። ሙዚቃ ስንከፍት አንድም የጎደለ ነገር የለም፣ የሙዚቃ ባንዱ ራቅ ብሎ እንደቆመ ብቻ ነው። ባለቤቴ አንድ ነገር አለችኝ፤ መድፈኛው ጆሮዬ ውስጥ እያለ ሰማኋት። ደክሞኛል፣ አንሳኝ ነው ያለችው።

እናቴ ከሀቢቾ የመጣችው ምራቷን ለመጠየቅ ነበር። ልነግራት ወሰንኩ። ቅጣት የሚለውን ቃል እየጠበቅሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ጨረስኩ። እናቴ ቀኝ ጆሮዬን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ያማል?» አለችኝ።

አያምም አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታወራኝ መጀመሪያ ክንዴን ነካ ታደርጋለች፣ ፊቴን ሳዞር ትጀምራለች። ይህን ማንም አልነገራትም።

የክለቡ ባለቤት ግን አስቸገረኝ። ወደ እኔ የሚጮኸውን ስፒከር፣ ሞኒተሩን፣ እንዲያዞርልኝ፣ ድምፁንም ትንሽ እንድንቀንስ ስለምነው፣ ደንበኛው ክለቡ ደከመ ብሎ ይሄዳል እያለ ወር አቆየኝ። ለውጡን ያስጀመረችው አንዲት አስተናጋጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ቦታዋ ከስፒከሩ ስር ነው። አንድ ሐሙስ ክለቡ ሳይከፈት መድፈኛዬን ሳጸዳ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ትሪዋን አስቀመጠች። የእሷም ጆሮ ያፏጫል። ደም ግፊት መስሏት ጨው ካቆመች ዓመት አልፏታል። ጥንድ ስፖንጅ ሰጠኋትና ባለቤቴ እንዳሳየችኝ አሳየኋት። ለእሷ ሥራ ስፖንጁ ይበቃል፤ ትዕዛዝ ለመቀበል ራቅ ብላ ታወጣዋለች። በሳምንቱ ሌሎቹም አስተናጋጆች ጠየቁኝ። አምስቱም ቢጫ ስፖንጅ በጆሯቸው አድርገው ሲያያቸው የክለቡ ባለቤት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ስንቶቹ ጆሯቸው እንደሚጮህ ጠየቃቸው። አራቱ እጃቸውን አነሱ። ያኔ ሞኒተሩን አዞረው። ድምፁን ግን የቀነሰልኝ እኔ ከጠየቅሁት ግማሹን ነው፤ እስካሁን እንከራከራለን።

ልጃችን ሰኔ ላይ ተወለደች። ሴት ናት።

ኅዳር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ልመረመር ብቻዬን አዲስ አበባ ሄድኩ። ያቺው ጠባብ ክፍል፣ ያው ቁልፍ። ሴትየዋ አዲሱን ወረቀት በአሮጌው ላይ ደርበው ብርሃን ላይ አዩትና ለእኔ ሰጡኝ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ናቸው፤ አልተሻለም፣ አልባሰምም። ፉጨቱ አብሮኝ እንደሚኖር፣ ቀስ በቀስ ግን ልብ የማልለው እንደሚሆን ነገሩኝ። ጠዋት ቤቱ ጸጥ ሲል አሁንም እሰማዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያናድደኛል፣ አንዳንድ ቀን እረሳዋለሁ።

ከመናኸሪያ ለባለቤቴ ደወልኩ። በስልክ የማወራው በግራ ጆሮዬ ነው። እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ እንደነበረ ነው አልኳት።

«እንደነበረ ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

እፎይታዋ በስልኩ ተሰማኝ። ከዚያ ቅዳሜ አንጋጫ ሰርግ እንዳለብኝ፣ ጄነሬተሩም ገና እንዳልተጠገነ አስታወሰችኝ። መኪናው ሞልቶ ሾፌሩ እየጠራን ስለነበር፣ መጣሁ ብያት ገባሁ።